ለአንዲት የጠጠር መንገድ የተጠየቀ መሬት፦ የኪንግ ኮቭ ጉዳይ

መንገድ ሲሰራ መሬት ይነሳል ሲባል ሁላችንም ቀድሞ የሚመጣልን የግለሰብ ይዞታ ነው። ቤቱ የሚፈርስበት ሰው፣ ካሳው፣ ተለዋጭ ቦታው። መሬቱ የመንግስት ከሆነስ? ብዙ ሰው "እሱማ ምን ችግር አለው፣ ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ወደ ሌላው ኪስ መክተት ነው" ይላል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ሃሳቤን ያስቀየረችኝ አላስካ ውስጥ ያለች አንዲት ትንሽ የአሳ አጥማጆች ከተማ ናት።

ከተማዋ ኪንግ ኮቭ ትባላለች። በአላስካ ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ አካባቢ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ነው ያለችው። የተቆረቆረችው በ1911 የሳልመን አሳ ማሸጊያ ሲከፈት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ2020 ቆጠራ 757 ነዋሪ ነበራት። ብዙዎቹ በዚያ ዳርቻ ለሺህ ዓመታት የኖረው የአሌውት ሕዝብ ልጆች ናቸው። ከተማዋን ከሌላ ከተማ ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። የሚገባውም የሚወጣውም በባህር ወይም በአየር ነው።

ክሊኒክ አለ፣ ሆስፒታል የለም። ምጥ የጠናባት እናት፣ ልቡን ያመመው ሽማግሌ፣ መርከብ ላይ እጁን ማሽን የያዘው ወጣት፣ ሁሉም አንኮሬጅ መድረስ አለባቸው። አንኮሬጅ ደግሞ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል።

የከተማዋ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ጠጠር ነው። ርዝመቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል። በተራሮች መሃል ባለ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ ትንንሾቹን አውሮፕላኖች ያንገላታቸዋል። ጭጋግ የወረደ ቀን ደግሞ መነሳትም ማረፍም የለም። በ1981 በሽተኛ ለማውጣት የተሰማራች አውሮፕላን ተከስክሳ አራት ሰው ሞተ። ነዋሪዎቹ ከ1980 ወዲህ በአውሮፕላን አደጋም ሆነ ሕክምና በጊዜ ባለመድረሱ 18 ሰው አጥተናል ይላሉ።

አሁን ይቺን ልብ በሉ። ከኪንግ ኮቭ በቀጥታ መስመር 30 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ ኮልድ ቤይ የምትባል መንደር አለች። ነዋሪዋ መቶ አይሞላም። ማኮብኮቢያዋ ግን ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር አውሮፕላኖች ተብሎ የተሰራ ነው። ሜዳ ላይ ስለሆነ ትልቅ አውሮፕላን ያለ ብዙ ችግር ያርፍበታል። መዳን እዚያ አለ። በሽተኛውን እዚያ ማድረስ ነው የጠፋው።

አውሮፕላን ካልተነሳ የሚቀረው የአሳ ማጥመጃ ጀልባ ነው። ማዕበሉን እየሰነጠቁ ኮልድ ቤይ ቢደረስም ጣጣው አያልቅም። የወደቡ መድረክ ከውሃው በላይ ከፍ ብሎ የተሰራ ነው። ወደ ላይ የሚያወጣው ቀጥ ብሎ የቆመ መሰላል ነው። መሰላሉን መውጣት ያቃተው በሽተኛ፣ ሸርጣን በሚጠመድበት የብረት ሳጥን ውስጥ ተደርጎ እንደ ዕቃ በክሬን የተሳበበት ጊዜ እንዳለ ነዋሪዎቹ ደጋግመው ተናግረዋል። እስቲ አስቡት። ከታች ጀልባው ይወዛወዛል። ከላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይወርዳል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት የአንድ ቤት አባት ናቸው።

ነዋሪዎቹ የጠየቁት ሁለቱን ቦታዎች የሚያገናኝ ባለ አንድ መስመር የጠጠር መንገድ ነው። አስፋልት አላሉም። የጎደለው ቁራጭ ሲበዛ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ጥያቄው አርባ ዓመት ግድም ሆኖታል።

መሬቱ ላይ የነበረው ቃል

መሃል ላይ ያለው መሬት የፌዴራል መንግስት ነው። ኢዘምቤክ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ይባላል። ስፋቱ 127,000 ሄክታር ግድም ነው። ትልቅ ይመስላል፣ ግን ከአላስካ መጠለያዎች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው። መጀመሪያ የተከለለው በ1960 ነው። በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የአላስካን መሬቶች የሚጠብቀውን ሕግ ሲፈርሙ፣ ከመጠለያው ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው "ዊልደርነስ" ተብሎ ተሰየመ። ያልተነካ ዱር እንደማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ ከባድ ስያሜ ነው። በ1964 በወጣው ሕግ መሰረት እንዲህ በተሰየመ መሬት ላይ ቋሚ መንገድ መስራት በመርህ ደረጃ ክልክል ነው።

ለምን እንዲህ ጠበቅ ተደረገ? መልሱ ውሃው ውስጥ ነው። ከውቅያኖሱ በአሸዋማ ደሴቶች የተከለለ ጥልቀት የሌለው የባህር ውሃ አለ፤ ላጉን ይሉታል። ባህሩ ሲሸሽ፣ ስሩን ጭቃ ውስጥ የተከለ ረጅም አረንጓዴ የባህር ሳር ነፋስ እንደጣለው እህል ተኝቶ ይታያል። በዓለም ላይ ካሉት ሰፋፊ የባህር ሳር ማሳዎች አንዱ ነው። ብራንት የሚባል አንገቱና ደረቱ የጠቆረ የባህር ዝይ አለ። የፓስፊኩ ብራንት በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ቁጥር በየዓመቱ ብርዱ ከመክፋቱ በፊት እዚህ ያርፋል። ሳሩን እየበላ ስብ ያጠራቅማል። ከዚያ አንድ ቀን ምቹ ነፋስ ሲያገኝ አብዛኛው መንጋ ይነሳና እስከ ሜክሲኮ ሳያርፍ ይበራል። መንገዱ ላይ ሌላ ስንቅ የለውም። ያለው ከኢዘምቤክ የያዘው ነው። በ1986 ቦታው በራምሳር ስምምነት ዓለም አቀፍ ፋይዳ ካላቸው እርጥብ መሬቶች መዝገብ ገባ። አሜሪካ መጀመሪያ ካስመዘገበቻቸው አንዱ ነው።

የተጠየቀው መንገድ የሚያልፈው በዚህ ላጉንና ኪንዛሮፍ በሚባል ሌላ ላጉን መሃል ባለች የመሬት አንገት ላይ ነው። ወርዷ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድቡም፣ ካሪቡ የሚባለው አጋዘንም የሚመላለሰው በዚያችው ነው። በሁለቱም በኩል ውሃ ስለሆነ ዞር ብሎ የሚታለፍበት ሌላ ቦታ የለም። ለመኪናም ለአጋዘንም።

"ከኪስ ወደ ኪስ" የሚለው ሃሳቤ የፈረሰው እዚህ ላይ ነው። መሬቱ የመንግስት መሆኑ አንድ ነገር ነው። መንግስት መሬቱ ላይ ቃል መግባቱ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ደግሞ የተገባው ለአንድ ሰው ስላልሆነ፣ አንድን ሰው ካሳ ከፍሎ ማስለቀቅ አይቻልም።

የተለመደው በር

አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መሬት ለመንገድ የሚተላለፍበት የተለመደ አሰራር አለ። ቀላልም ነው። የክልሉ መንገድ መስሪያ ቤት የሚያስፈልገውን መሬት በካርታ አስምሮ ለፌዴራሉ የመንገድ አስተዳደር ያቀርባል። ጥያቄው መሬቱን ወደያዘው መስሪያ ቤት ይሄዳል። ያ መስሪያ ቤት አራት ወር አለው። በአራት ወር ውስጥ "ይህ ከሕዝብ ጥቅም ወይም መሬቱ ከተከለለበት ዓላማ ጋር ይጋጫል" ብሎ ማስረዳት ይችላል። ወይም መሬቱን በቂ ጥበቃ የሚያሰጥ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ ይስማማል። ዝም ካለ መሬቱ ለመንገዱ ይውላል። አንድ ቀን መንገዱ የማያስፈልግ ከሆነ መሬቱ ወደነበረበት ይመለሳል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በጣም ደስ ይለኛል። መሬቱ የተሰጠው ለመንገድነት ነው፣ እንደፈለጉ ለመሆን አይደለም።

ለኢዘምቤክ ግን ይህ በር አይበቃም። የ1980ው ሕግ በተጠበቁ የአላስካ መሬቶች ላይ ለሚያልፍ መንገድ ለብቻው ረጅም ሂደት አስቀምጧል። መሬቱ "ዊልደርነስ" ከሆነ የመጨረሻ ቃሉ የፕሬዚዳንቱና የኮንግረሱ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ደጋፊዎች የያዙት ሌላ ዘዴ ነው። ልውውጥ። መሬቱን ከመጠለያው አውጥቶ ለሌላ ባለቤት መስጠት፣ በምትኩ ሌላ መሬት ወደ መጠለያው ማስገባት። ባለቤቱ ሲቀየር ክልከላው አብሮ ይነሳል።

ልውውጡ ከመምጣቱ በፊት የተሞከረ ነገርም አለ። በ1998 ኮንግረስ መንገዱን ትቶ 37.5 ሚሊዮን ዶላር መደበ። 20 ሚሊዮኑ ከመጠለያው ዱር ውጪ ለሚቆም መንገድና ለባህር መሻገሪያ፣ 15 ሚሊዮኑ ለማኮብኮቢያው፣ 2.5 ሚሊዮኑ ለክሊኒኩ ነበር። ከዚህ ገንዘብ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ሆቨርክራፍት ተገዛ። በአየር ትራስ ላይ ተንሳፍፎ ውሃውንም ዳርቻውንም የሚሄድ ተሽከርካሪ ነው። ከ2007 ጀምሮ ሰራ። በርካታ በሽተኞችንም አሻገረ። በ2010 ግን ቆመ። ያስተዳድረው የነበረው የአካባቢው መስተዳድር ወጪው ከአቅሜ በላይ ነው፣ ነፋስና ማዕበል ሲበረታም አይሄድም አለ። ተቃዋሚዎቹ "ሲሰራ እኮ ሰው አድኗል" ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለእኔ ትልቁ ትምህርት፣ አንድ ጊዜ መግዣ መስጠትና በየዓመቱ ማንቀሳቀሻ መስጠት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ነዳጁንና ደሞዙን ማን ይሸፍናል የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ነው ሆቨርክራፍቱ የገባው።

2009፦ በአደባባይ የተደረገው ሙከራ

በማርች 2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ አንድ ሰፊ የመሬት ሕግ ፈረሙ። ውስጡ የኪንግ ኮቭ ልውውጥ ነበረበት። ቁጥሮቹን እዩዋቸው። ፌዴራሉ ከኢዘምቤክ 83 ሄክታር ግድም፣ ሲትኪናክ ከሚባል ደሴት ደግሞ 650 ሄክታር ያህል ይሰጣል። ተቀባዩ የአላስካ ክልል መንግስት ነው። በምትኩ ክልሉ 17,400 ሄክታር፣ የኪንግ ኮቭ ነባር ሕዝብ ኮርፖሬሽን (የነባር ነዋሪዎቹ ኩባንያ) ደግሞ 5,400 ሄክታር ያህል ለጥበቃ ይሰጣሉ። ሂሳቡ አንድ ለሰላሳ ይሆናል።

ሕጉ ለመንገዱም ልጓም አበጅቶለት ነበር። ባለ አንድ መስመር ጠጠር ይሁን። በዋናነት ለጤናና ለደህንነት ይዋል፣ የንግድ ጭነት አይመላለስበት። መኪና ወደ ሜዳው እንዳይወጣ ግራና ቀኙ ይታገድ። ከሁሉ በፊት ግን ሚኒስትሩ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት አስጠንቶ፣ ሕዝብ ሰምቶ፣ "ልውውጡ ለሕዝብ ይጠቅማል" ብሎ መወሰን አለበት። በሰባት ዓመት የግንባታ ፈቃድ ካልወጣ ሥልጣኑ ይከስማል።

ሚኒስትሩ ስል የአሜሪካ የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማለቴ ነው። ስሙ የፖሊስ አለቃ ቢያስመስለውም ስራው የፌዴራል መሬት፣ ፓርክና የዱር እንስሳ ነው።

በዲሴምበር 2013 ሚኒስትሯ ሳሊ ጁዌል ውሳኔያቸውን አሳወቁ። አይሆንም። ከዚያ በፊት በዚያው ዓመት ኪንግ ኮቭ ድረስ ሄደው ነዋሪውን አነጋግረው ነበር። የውሳኔው ፍሬ ነገር፣ የሚሰጠው መሬት የቱንም ያህል ቢሰፋ የሚወሰደውን አይተካም የሚል ነው። 22,800 ሄክታር ተራራና ሜዳ ያቺን የመሬት አንገት አይሆንም። ከተማዋ ከሰሰች። በ2015 የፌዴራል ፍርድ ቤት ሚኒስትሯ በሕጉ የተሰጣቸውን ሥልጣን ነው የተጠቀሙት ብሎ ውሳኔውን አፀና።

ስለዚህ ውሳኔ ሳስብ ልቤ ሁለት ቦታ ይሄዳል። አካሄዱ ትክክል ነበር። ጥናቱ ታትሟል፣ ሰው ተሰምቷል፣ ምክንያቱ ተፅፏል፣ ፍርድ ቤትም አይቶታል። የመሬት ልውውጥ በሄክታር ብቻ እንደማይለካም በግልፅ ተናግሯል። ግን "አይሆንም" ሲባል ያቺ የመሰላሏ ነገር እዚያው ቀረች። ሌላ አማራጭ እንፈልጋለን ተባለ። የጀልባ ሃሳብ ተጠና። እጅ ላይ የሚጨበጥ ነገር ግን አልመጣም። መሬት የሚከለክል አካል ቢያንስ በከለከለበት ቀን የሰውን ችግር የሚፈታ ገንዘብና ቀነ ገደብ አብሮ ማቅረብ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ይህ አለመሆኑ ነው ጉዳዩን ቁስል ያደረገው።

ተቃዋሚዎቹ ሌላ ጥርጣሬ አላቸው። በ1990ዎቹ ከከተማዋ በወጡ ሰነዶች መንገዱ ወደቡንና ትልቁን አየር ማረፊያ ስለማገናኘቱ ይወራ ነበር። ስለዚህ "ዋናው ነገር በሽተኛ ነው ወይስ አሳ ጭኖ ማውጣት?" ይላሉ። እኔ ሁለቱም ቢኖሩ አይገርመኝም። በአሳ የሚኖር ከተማ ስለ አሳው ማሰቡ ነውር አይደለም። ግን የመንግስት መሬት የሚጠየቀው በሕክምና ስም ከሆነ፣ ውሉም ለሕክምና ብቻ መሆኑን መናገር አለበት። በ2009 ሕግ ይህ ቃል ነበረ። ቀጥሎ የሆነውን እንመልከት።

አቋራጩ

የ2009ኙ ሥልጣን ከሰመ። በጃንዋሪ 2018 አዲሱ ሚኒስትር ራያን ዚንኪ ከኪንግ ኮቭ ኮርፖሬሽን ጋር አዲስ የልውውጥ ስምምነት ፈረሙ። እስከ 200 ሄክታር ግድም የሚደርስ መሬት ነው። አዲስ የተፅዕኖ ጥናት አልተሰራም። ለሕዝብ ውይይት አልቀረበም። መሰረት የተደረገው በ1980ው ሕግ ውስጥ ያለ አጠቃላይ የልውውጥ አንቀፅ ነው።

አንድ ለውጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ተቀባዩ ተቀይሯል። በ2009 መሬቱ የሚሄደው ለክልሉ መንግስት ነበር። አሁን የሚሄደው ለኮርፖሬሽኑ ነው። የአላስካ ነባር ሕዝቦች ኮርፖሬሽኖች በ1971 በወጣ ሕግ የተቋቋሙ፣ ባለአክሲዮኖቻቸው ነባር ነዋሪዎቹ የሆኑ ኩባንያዎች ናቸው። ክፋት የለውም። መሬቱም ከጥንት የአባቶቻቸው ነው። ግን መሬቱ ከመንግስት እጅ ወጥቶ የኩባንያ ሲሆን፣ መንገዱ የሕዝብ ሆኖ የሚቀረው ውሉ ላይ በተፃፈው ልክ ነው። ውሉ ካላለ የለም።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ። በማርች 2019 የፌዴራል ዳኛዋ ሻሮን ግሊሰን ስምምነቱን ሻሩት። ዳኛዋ "መንገድ አይሰራም" አላሉም። ያሉት ሌላ ነው። ይኸው ሚኒስቴር በ2013 በብዙ ገፅ ጥናት መንገዱ ይጎዳል ብሏል። አሁን ተገልብጦ ሲመጣ ያንን ለምን እንደተወው ማስረዳት ነበረበት። አላስረዳም። የሰነዱ ጉድለት ዝምታው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። አዲስ መንግስት የቀድሞውን ውሳኔ መቀየር ይችላል። ምርጫ የሚደረገው ለዚህም ነው። ግን የተፃፈ ምክንያት በተፃፈ ምክንያት ነው የሚመለሰው። ሚኒስቴሩ ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ወስዶ ጥናቱን ቢያድስ ኖሮ ነዋሪው ተጠቃሚ ይሆን ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። የለቀሙት ግን ፈራሚዎቹ አልነበሩም፣ ከተማዋ ናት።

በጁላይ 2019 ተተኪው ሚኒስትር ዴቪድ በርንሃርድት ሌላ ስምምነት ፈረሙ። አሁን ማብራሪያ ተያይዟል። የንግድ ጭነት አይመላለስም የሚለው ገደብ ግን ወጥቷል። ያ ገደብ ነበር ነገሩን በሽተኛ ላይ አስሮ ያቆየው። በጁን 2020 ዳኛ ግሊሰን ይህንንም ሻሩት። በማርች 2022 ይግባኝ ሰሚው ችሎት በሁለት ለአንድ ድምፅ የዳኛዋን ውሳኔ ገለበጠ። በአላስካ ያለው የ1980 ሕግ የሰዎችን ኑሮና ኢኮኖሚም ማመዛዘን ይፈቅዳል አለ።

ከዚያ ያልተጠበቀ ሰው መጣ። ሕጉን የፈረሙት ጂሚ ካርተር ራሳቸው። 97 ዓመታቸው ነበር። በሜይ 2022 ለፍርድ ቤቱ ሃሳባቸውን በፅሁፍ አስገቡ። የችሎቱ አተረጓጎም የሕጉን ዓላማ የሚያፈርስ ነው፣ በዚህ ከተሄደ ማንኛውም ሚኒስትር የተጠበቀን መሬት በልውውጥ ስም ማውጣት ይችላል የሚል ነው መልዕክታቸው። የራስን ፊርማ ከአርባ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ መጠበቅ! ይህን ባነበብኩ ቁጥር ይነካኛል።

በኖቬምበር 2022 ፍርድ ቤቱ ጉዳዩ በሰፊ ችሎት እንደገና እንዲታይ ወሰነ። ችሎቱ ፍርድ ሳይሰጥ በማርች 2023 ሚኒስትሯ ዴብ ሃላንድ ከስምምነቱ ወጡ። የ2019ኙ ውል የአካሄድ ጉድለት አለበት፣ በአደንና በአሳ የሚተዳደሩ ሰዎች ላይ የሚያመጣው ነገር አልተጠናም አሉ። ሃላንድ ራሳቸው የነባር ሕዝብ ልጅ ናቸው። ከተማዋን ሄደው አይተዋል። ጥያቄውን አልዘጉትም፣ እንደገና ይጠና አሉ እንጂ። በኖቬምበር 2024 የወጣው ረቂቅ ጥናት ልውውጥን በተመራጭነት አስቀመጠ። ለከተማዋ ነገሩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነባት። ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር ሽማግሌዎቹ ያንኑ ታሪክ እንደ አዲስ ይነግራሉ።

የዝይዎቹ ሌላኛው ጫፍ

እስካሁን ሰው በአንድ ወገን፣ ወፍ በሌላ ወገን የቆመ ያስመስላል። አይደለም። ከኢዘምቤክ በስተሰሜን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የዩኮንና የኩስኮክዊም ወንዞች ደልታ አለ። እዚያ የሚኖሩት የዩፒክ ሕዝቦች ናቸው። የሁፐር ቤይ፣ የፓይምዩትና የቼቫክ ነባር መንደሮች ልውውጡን ተቃውመዋል። ምክንያታቸው ሆዳቸው ነው። በሞቃቱ ወራት እነሱ ዘንድ የሚፈለፈለው ዝይ ነው ኢዘምቤክ ላይ ስንቅ የሚይዘው። ኢዘምቤክ ከተረበሸ የእነሱ ጓዳ ይጎድላል።

እንግዲህ "ነባር ሕዝብ ይፈልጋል" ወይም "ነባር ሕዝብ አይፈልግም" ብሎ ነገር የለም። አንዱ ነባር ሕዝብ ለልጁ ሕክምና ይለምናል፣ ሌላው ነባር ሕዝብ ለልጁ ምግብ ይለምናል። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ይበጃል ነው ነገሩ። በአብዛኞቹ የመሬት ዝውውር ሰነዶች ላይ የሚጠየቀው በመሬቱ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው። እዚህ የሚነካው ሰው ከካርታው ውጪ ነው የሚኖረው። የ2018ቱን ፊርማ የሚያህል ፈጣን አካሄድ እንዲህ ያለውን ሰው በምንም ዓይነት አያየውም።

የመጨረሻው ፊርማ

በኦክቶበር 2025 ሚኒስትሩ ዳግ በርገም አዲስ ልውውጥ መፈረሙን አስታወቁ። 198 ሄክታር ግድም የፌዴራል መሬት ለኪንግ ኮቭ ኮርፖሬሽን ይተላለፋል። ኮርፖሬሽኑ በምትኩ 704 ሄክታር ያህል ለመጠለያው ይሰጣል። ከዚህ በተጨማሪ በሕግ የመምረጥ መብት የነበረውን 2,200 ሄክታር ግድም መሬት ይተዋል። የሚሰራው ባለ አንድ መስመር የጠጠር መንገድ ነው፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል። በኖቬምበር ተቃዋሚዎች፣ የዩፒክ መንደሮቹም ጭምር፣ እንደገና ፍርድ ቤት ሄዱ።

የ2009ኙንና የ2025ቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ያኔ ከኢዘምቤክ 83 ሄክታር፣ አሁን 198። ያኔ በምትኩ 22,800፣ አሁን መብቱ ሳይቆጠር 704። ያኔ ተቀባዩ ክልል፣ አሁን ኩባንያ። ያኔ ኮንግረስ በስም ጠቅሶ የፈቀደው፣ አሁን በአጠቃላይ አንቀፅ የተደረገ። በሄክታር አይለካም ያልኩትን አልረሳሁም። ግን ጊዜ በሄደ ቁጥር ሕዝብ ከኢዘምቤክ የሚሰጠው በዝቶ በምትኩ የሚቀበለው አንሷል። ቀደም ብሎ በአደባባይ የተደረደረው ውል ለመጠለያው የተሻለ ነበር። ነዋሪው ደግሞ ያኔም አላገኘም፣ ከዚያ ወዲህም በየችሎቱ ጠበቀ።

እኔ ውሉን የማነበው ሦስት ነገር ፍለጋ ነው። መንገዱ ላይ ማን ይነዳል? በረዶውን ማን ይጠርጋል፣ በየዓመቱስ ማን ይከፍላል? መንገዱ ባይሰራ ወይም ቢተው መሬቱ ወደ መጠለያው ይመለሳል? ሁለተኛዋ ጥያቄ ሆቨርክራፍቱን የገደለች ናት። እነዚህ ሦስቱ ግልፅ ካልሆኑ መሬቱ ተላልፎም መንገድ ላይኖር ይችላል።

ኪንግ ኮቭም ያው አይደለችም። የአሳ ፋብሪካዋ በ2024 ስራ አቁሟል። ለጭነት ይፈለጋል ይባል የነበረው መንገድ፣ አሁን ጭነቱ ራሱ የለም። በሽተኛ ግን አለ። ክሊኒኩም አለ፣ ነፋሱም አለ። በ1998ቱ በጀት የተጀመረው መንገድ ከከተማዋ ተነስቶ 27 ኪሎ ሜትር ግድም ይሄዳል። የሚያልቀው ለሆቨርክራፍቱ መነሻ ተብሎ ታስቦ የነበረው የባህር ዳርቻ ላይ ነው።